መርፌና መርከብ፦ በኮቭ ወደብ ከአንድ የስጦታ ሱቅ ውስጥ

የዛሬው ጽሑፋችን በአውሮፓ ምዕራባዊ ጫፍ ወደምትገኘው ወደ አየርላንድ ይወስዳችኋል። የምንሄደው ግን ቤተ መንግሥት ለማየት ወይም ተራራ ለመውጣት አይደለም። የምንሄደው ወደ አንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነው። ሱቁ የሚገኘው በደቡብ አየርላንድ ኮቭ በምትባል የወደብ ከተማ፣ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ ሕንፃ ውስጥ በተቋቋመው የቅርስ ማዕከል ነው። «ስለ ሱቅ ደግሞ ምን የሚጻፍ ነገር አለ?» የምትል እናት ትኖር ይሆናል። ብዙ አለ። በመደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ሹራብ፣ ዳንቴልና ቀለበት ዋጋው ተጽፎበታል፤ የሠራችው ሴት ድካም ግን አልተጻፈበትም። ይህንን ያልተጻፈውን ለማንበብ ነው የምንጓዘው።

ወደ ኮቭ ለመድረስ የሪፐብሊኩ ሁለተኛ ከተማ ከሆነችው ከኮርክ በባቡር መሳፈር ይበቃል። ጉዞው ሃያ አምስት ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። ባቡሩ የውሃውን ዳር ይዞ ሲሄድ ቆይቶ ከተማዋ ወደተቆረቆረችበት ደሴት ይሻገራል። ከባቡሩ ስትወርዱ በአንድ ወገን ባሕሩ፣ በሌላው ወገን ደግሞ በዳገቱ ላይ የተደረደሩና በልዩ ልዩ ቀለም የተቀቡ ቤቶች ይታዩአችኋል። ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የቅዱስ ኮልማን ካቴድራል ነው። ይህ ሕንፃ ሥራው በ1868 ተጀምሮ የተፈጸመው በ1919 ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል።

ከተማዋ በ1849 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ስለጎበኘቻት «ኩዊንስታውን»፣ ማለትም «የንግሥት ከተማ» ተብላ ነበር። አየርላንዳውያን ለነፃነታቸው በታገሉበት ዘመን፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ ስሟ ወደ ኮቭ ተመለሰ። የዓለም ጋዜጦች ይህችን ወደብ ይበልጥ የሚያውቋት ታይታኒክ የተባለችው መርከብ በሚያዝያ 1912 ከመስጠሟ በፊት የመጨረሻዎቹን 123 መንገደኞች የጫነችው ከዚህ በመሆኑ ነው። ለአየርላንድ እናቶች ግን የኮቭ ስም ከታይታኒክም በፊት የመለያየት ስም ነበር።

የቅርስ ማዕከሉ እንደሚገልጸው ከ1848 እስከ 1950 ድረስ ከአየርላንድ ከተሰደዱት ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ውስጥ 2 ሚሊዮን ተኩል ያህሉ የወጡት ከዚህች ወደብ ነው። መንገደኛው ከገጠር በባቡር መጥቶ በዚህ ጣቢያ ይወርድና በአነስተኛ ጀልባ ተጭኖ ባሕሩ ላይ ወደሚጠብቀው ትልቅ መርከብ ይወሰድ ነበር። ያ ጣቢያ ነው ዛሬ በከፊል የቅርስ ማዕከልና ሱቅ የሆነው። ትናንት ድሃ ገበሬ ልጁን የሸኘበት ቦታ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ልጁ ከአሜሪካ መጥቶ ስጦታ የሚገዛበት ሆኗል።

የስደቱ መነሻ ረሃብ ነው። በ1845 የድንች ሰብል በማይታወቅ በሽታ ተመትቶ በማሳው ውስጥ በሰበሰ። በዚያን ጊዜ የአየርላንድ ድሃ ገበሬ መሬቱ የባላባት ስለነበረ ከቁራሽ መሬት ላይ ቤተሰቡን የሚመግበው በድንች ብቻ ነበር። በሽታው ዓመት ከዓመት እየተመላለሰ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና ረሃቡ ባስከተለው በሽታ አለቀ። ከአንድ ሚሊዮን የማያንስ ሕዝብም አገሩን ጥሎ ሄደ። በዚያው ወቅት ለባላባቱ ግብር የሚውለው እህልና ከብት በየወደቡ እየተጫነ ወደ እንግሊዝ አገር መሄዱ አልቀረም ነበር። በ1841 ከ8 ሚሊዮን በላይ የነበረው የደሴቲቱ ሕዝብ ዛሬም ወደዚያ ቁጥር አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ ሱቁ እንግባ። በእንዲህ ያሉ የአየርላንድ የቅርስ ማዕከል ሱቆች የሚሸጠው ዕቃ ተመሳሳይ ነው። ነጭ የሱፍ ሹራብ፣ የአንገት ልብስ፣ ዳንቴል፣ የሸክላ ዕቃ፣ የብር ቀለበት፣ ከእንግጫ የተጎነጎነ መስቀል፣ የቤተሰብ ስም የተጻፈበት ኩባያ ይገኛል። አብዛኛው ገዢ ስሙን የሚፈልገው በዚህ ኩባያ ላይ ነው። እኛ ግን ኩባያውን እንተወውና በሴት እጅ ወደተሠራው እንመለስ።

ከረሃብ የተወለደው ዳንቴል

ኪሮሽ ይዛ ዳንቴል ያልሠራች ወይም እናቷ ስትሠራ ያላየች የከተማ ሴት በመካከላችን ጥቂት ናት። ለጠረጴዛ፣ ለሶፋ መደገፊያ፣ ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ማልበሻ ስንሠራው የኖርነው ነው። የአየርላንድ ዳንቴል ግን ለጌጥ ተብሎ የተጀመረ አልነበረም። የተስፋፋው በረሃቡ ዘመን፣ ድንቹ የጠፋበት ቤተሰብ እህል የሚገዛበት ገንዘብ እንዲያገኝ ተብሎ ነው።

ከኮቭ ብዙ ሳይርቅ በኮርክ ከተማ ብላክሮክ በተባለው ሠፈር ይኖሩ የነበሩ የኡርሱላይን መነኮሳይት ለችግረኛ ልጃገረዶች የኪሮሽ ሥራ ያስተምሩ ነበር። በዚያው በኮርክ አውራጃ በዮል ከተማ ሜሪ አን ስሚዝ የተባሉ መነኩሲት አንድ የቆየ የኢጣልያ ዳንቴል አግኝተው፣ ክሩን አንድ በአንድ እየፈቱ አሠራሩን ካጠኑ በኋላ ለልጃገረዶቹ አስተማሩ። በሰሜን በኩል ደግሞ ክሎነስ በምትባል ከተማ የአንድ ቄስ ባለቤት የሆነችው ካሳንድራ ሃንድ በ1847 የኪሮሽ ዳንቴል ሥራን አስጀመረች። 1847 ረሃቡ እጅግ የከፋበት ዓመት ስለሆነ አየርላንዳውያን እስከ ዛሬ «ጥቁሩ 47» ይሉታል።

የአሠራሩ ዘዴ ለባለሙያ እናቶች ደስ የሚያሰኝ ነው። አንዲት ሴት ሙሉውን ዳንቴል ከዳር እስከ ዳር አትሠራውም። አንዷ ጽጌረዳ ብቻ፣ ሌላዋ ቅጠል ብቻ፣ ሦስተኛዋ የወይን ዘለላ ብቻ ትሠራለች። እያንዳንዱ ቤተሰብ የታወቀበት አበባ ነበረው፤ አሠራሩንም ለጎረቤት እንኳ የማያሳይ ነበር። አበቦቹ ከየቤቱ ተሰብስበው ከመጡ በኋላ በጨርቅ ላይ ተደርድረው፣ በመካከላቸው ያለው ክፍት ቦታ በቀጭን የክር መረብ እየተሞላ ይያያዛሉ። ይህም ሥራ በጭስ በተሞላ ጎጆ ውስጥ፣ በደካማ መብራት ሥር፣ ከልጅና ከማድጋ ጋር እየተታገሉ የሚሠራ ነበር። ዳንቴሉ ነጭ ሆኖ እንዲቀር እጅን ደጋግሞ መታጠብ፣ ሥራውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ማስቀመጥ የግድ ነበር። ለብሰውት የሚታዩት ግን የለንደንና የፓሪስ እመቤቶች ነበሩ።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ዳንቴልን የሚመስል ጨርቅ በመኪና መሥራት ይቻላል፤ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በመኪና አይሠራም። ስለዚህ የኪሮሽ ሥራ በርካሽ ሲሸጥ ባያችሁ ጊዜ መኪና አቀለለው ብላችሁ አታስቡ። የዋጋው መርከስ ከአንዲት ሴት የሥራ ሰዓት ላይ የተቀነሰ ነው።

ሹራቡና ተረቱ

ከመደርደሪያው ላይ ጎልቶ የሚታየው ነጩ የአራን ሹራብ ነው። አራን በምዕራብ አየርላንድ ከጎልዌይ ባሕረ ሰላጤ አፍ ላይ የሚገኙ የሦስት ደሴቶች ስም ነው። ደሴቶቹ አለታማ ናቸው፤ አፈሩን እንኳ ነዋሪዎቹ ከአሸዋና ከባሕር አረም ጋር ቀላቅለው ነው የፈጠሩት ማለት ይቻላል። ሹራቡ ከፊትና ከኋላው የገመድ፣ የዘንባባና የአልማዝ ቅርፅ ያለው ጉንጉን አለው። በቀድሞው አሠራር ሱፉ የበጉ ቅባት ሙሉ በሙሉ ስለማይታጠብለት ውሃ ቶሎ አያስገባም ነበር።

ስለዚህ ሹራብ በብዙ ሱቆች የሚነገር አንድ ተረት አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከጥንት ጀምሮ የራሱ ጉንጉን ስለነበረው፣ ዓሣ አጥማጅ ሰጥሞ ሬሳው ከሩቅ ባሕር ዳር ቢገኝ በሹራቡ ይለያል የሚል ነው። ልብ የሚነካ ነገር ነው፤ ሹራቡንም ያሻሽጣል። እውነት ግን አይደለም። የተረቱ ምንጭ ነው የሚባለው ጆን ሚሊንግተን ሲንግ የተባለው ደራሲ የጻፈውና በ1904 ለመድረክ የበቃው «ወደ ባሕር ጋላቢዎች» የተሰኘ ቴአትር ነው። በቴአትሩ ውስጥ አንዲት እህት የሞተ ወንድሟን ዕቃ የምትለየው ራሷ የሠራችውን ካልሲ አይታ፣ በመርፌዋ ያስገባቻቸውንና የዘለለቻቸውን ዓይኖች ቆጥራ ነው። የቤተሰብ ጉንጉን የሚባል ነገር የለበትም። የሹራቡም አሠራር የጥንት ሳይሆን ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህ የዳበረ ነው።

እውነተኛው ታሪክ እንዲህ ነው። በ1891 የእንግሊዝ መንግሥት ለምዕራብ አየርላንድ ድሃ አውራጃዎች የልማት ቦርድ አቋቁሞ ነበር። በቦርዱ ሥራ የተነሣ የዓሣ ማጥመድ ሥራ ሲስፋፋ ከሌላ አካባቢ የመጡ አጥማጆችም ወደ ደሴቶቹ መጡ፤ የለበሱትም የሥራ ሹራብ ነበር። የደሴቶቹ ሴቶች ያንን አይተው፣ የራሳቸውን ጥበብ ጨምረው፣ ከእናት ወደ ልጅና ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተማማሩ አዲስ ሥራ ፈጠሩ። በወረቀት ላይ የተጻፈ መመሪያ አልነበራቸውም፤ ሁሉንም የሚቆጥሩት በአእምሯቸው ነበር። በተረቱ ውስጥ ሴቲቱ የሞተ ሰው ምልክት ሠሪ ብቻ ናት። በእውነቱ ግን አዲስ ጥበብ ፈጥራ፣ ሸጣ ቤቷን የደገፈች ሠራተኛ ናት። የትኛው ታሪክ ይበልጣል? ፍርዱን ለእናንተ እንተዋለን።

ይሁንና ሠራተኛ መሆን ብቻውን ተገቢ ዋጋ አያስገኝም። በሰሜን ምዕራብ በዶነጋል አውራጃ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ሹራብና ካልሲ በየቤታቸው የሚሠሩ ሴቶች ክር የሚቀበሉትም፣ ሥራውን የሚያስረክቡትም ለአንድ ባለሱቅ ነበር። ባለሱቁ ደግሞ በገንዘብ ፈንታ ሻይና ሌላ ሸቀጥ እየሰጠ፣ ዋጋውንም ራሱ እየወሰነ ይሸኛቸው ነበር። ይህ ዓይነት አከፋፈል በሕግ የተከለከለ ስለነበረ ሉሲ ዲን የተባለች የመንግሥት የሥራ ተቆጣጣሪ በ1897 ወደ ዶነጋል ሄዳ ጉዳዩን መርምራለች። ችግሩ ሴቶቹ ደፍረው ለመመስከር መፍራታቸው ነበር፤ ባለሱቁ ፊቱን ካዞረባቸው ሌላ ክር የሚሰጣቸው አልነበረምና።

ይህን ቀንበር ለማቅለል ከጣሩት ሴቶች መካከል ሙሪየል ጋሃን ትገኛለች። ይህች ሴት በ1930 በዋና ከተማው በደብሊን፣ በቅዱስ ስቲፈን አደባባይ «የገጠር ሱቅ» የሚባል መደብር ከፈተች። ዓላማዋ በየገጠሩ ተበትነው የሚኖሩ ባለእጆች ሥራቸውን ለከተማ ገዢ የሚያቀርቡበትና ተገቢ ዋጋ የሚያገኙበት ቦታ ማዘጋጀት ነበር። የአራን ሹራብ በከተማ መደርደሪያ ላይ እንዲታይ ካደረጉት ቀዳሚዎች አንዱ ይኸው ሱቅ ነው። ሱቁ እስከ 1978 ድረስ አገልግሏል። በ1910 የተመሠረተውና ሙሪየል ጋሃን ብዙ የደከመችለት የአየርላንድ የገጠር ሴቶች ማኅበርም እስከ ዛሬ አለ። ሹራቡ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ግን ቆየት ብሎ፣ በ1961 ክላንሲ ወንድማማቾች የተባሉት ዘፋኞች እናታቸው የላከችላቸውን የአራን ሹራብ ለብሰው በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ ነው። ልጆቿ ብርድ እንዳይመታቸው ያሰበች እናት የአገር ንግድ አነቃቃች ማለት ነው።

በመርከብ የሄዱት

እስካሁን የተናገርነው በመርፌ ስለቀሩት ነው። ከሱቁ ወጥታችሁ ወደ ባሕሩ ዳር ብቅ ስትሉ ደግሞ በመርከብ ከሄዱት አንዷን ታገኛላችሁ። አንዲት ልጃገረድ ከሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ ጋር ቆማ የሚያሳይ ሐውልት ነው። ልጅቱ አኒ ሙር ትባላለች። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ወንድሞቿን አንቶኒንና ፊሊፕን ይዛ በታኅሣሥ 1891 ከዚህች ወደብ ተነሣች። ወላጆቿ ቀደም ብለው ኒው ዮርክ ገብተው ነበር። ጥር 1 ቀን 1892 በኒው ዮርክ ኤሊስ ደሴት ላይ አዲሱ የስደተኞች መቀበያ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እርሷ ሆነች፤ አንድ ባለ አሥር ዶላር የወርቅ ሳንቲምም ተሰጣት።

ከዚያ በኋላ ስለ እርሷ የተነገረውም ተረት ነበር። አኒ ወደ ቴክሳስ ሄዳ እዚያ ከብራ ሞተች እየተባለ ለብዙ ዘመን ሲነገር ከቆየ በኋላ፣ በ2006 አንዲት የዘር ሐረግ ተመራማሪ ያቺ ሌላ ሴት መሆኗን አረጋገጠች። እውነተኛዋ አኒ ከኒው ዮርክ አልወጣችም። በድሆች ሠፈር በተጨናነቀ ቤት ኖራ፣ አግብታ፣ ልጆች ወልዳ፣ ብዙዎቹን በሕፃንነታቸው ቀብራ በ1924 ዐረፈች። መቃብሯ ላይ ድንጋይ የቆመላት በ2008 ነው። እንደ ሹራቡ ሁሉ የአኒም ተረት ከእውነቱ ይልቅ አሸብራቂ ነበር። የብዙኃኑን ሴቶች ሕይወት የሚመስለው ግን እውነቱ ነው።

ከሌሎች የአውሮፓ አገሮች የሚሰደደው በብዛት ወንድ ሲሆን፣ ከረሃቡ ዘመን በኋላ ከአየርላንድ ከሄዱት ግማሽ ያህሉ ሴቶች፣ አብዛኞቹም ያላገቡ ልጃገረዶች ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። መሬቱን የሚወርሰው አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ጥሎሽ የሚሰጣትም አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ለተቀሩት የሚበቃ ነገር አልነበረም። ሊሄዱ ሲሉ በዋዜማው ሌሊት ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ሲዘፍን፣ ሲጨፍር፣ ሲያለቅስ ያድር ነበር። ይህንንም ልማድ «የአሜሪካ ለቅሶ» ይሉታል። በእኛ ቋንቋ የቁም ለቅሶ ማለት ነው፤ አብዛኛዋ እናት ልጇን ዳግመኛ እንደማታያት ታውቅ ነበርና።

ልጃገረዶቹ ኒው ዮርክና ቦስተን ሲደርሱ ብዙዎቹ የገቡት በቤት ሠራተኝነት ነው። ምግብና መኝታ ከአሠሪያቸው ስለሚያገኙ ደመወዛቸውን መቆጠብ ይችሉ ነበር። የከፈሉት ዋጋ ደግሞ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት በደወል መጠራት፣ ከጣሪያ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል ማደር፣ በሳምንት ግማሽ ቀን ብቻ ማረፍ ነበር። «ብሪጅት» የሚለው ስም የቤት ሠራተኛ መጠሪያ እስከመሆን ስለደረሰ፣ ባለስሞቹ ስማቸውን እስከመለወጥ ደርሰዋል። ለእናት የሚላከው ደብዳቤ ግን አልተቋረጠም። በደብዳቤው ውስጥ ያለው ገንዘብ የመሬት ግብር ይከፍላል፣ የባለሱቁን ዕዳ ያቃልላል፣ የታናሽ እህትን የመርከብ ቲኬት ይገዛል። አንዷ እህት ሌላዋን እየጎተተች፣ ከአንድ ቤት አምስትና ስድስት ልጆች በዚህ መንገድ ተከታትለው ወጥተዋል።

እንግዲህ መርፌና መርከብ የአንድ ቤት ሁለት ምሰሶዎች ነበሩ። የቀረችው በኪሮሽዋ፣ የሄደችው በደብዳቤዋ ቤተሰቡን አቆመች። ዛሬ በዚያ ጣቢያ ውስጥ የሁለቱም ታሪክ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገኛል፤ የስደቱ በኤግዚቢሽኑ አዳራሽ፣ የመርፌው በሱቁ መደርደሪያ።

ቀለበቱ፣ መስቀሉና መብራቱ

በሱቁ መስታወት ውስጥ ከሚታዩት ጌጦች መካከል ሁለት እጆች ዘውድ የጫነ ልብ ይዘው የሚያሳይ ቀለበት አለ። የክላዳ ቀለበት ይባላል። ክላዳ በጎልዌይ ከተማ አጠገብ የነበረች የዓሣ አጥማጆች መንደር ናት። እጆቹ ወዳጅነት፣ ልቡ ፍቅር፣ ዘውዱ ታማኝነት ነው። ቀለበቱ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ሲወርድ የኖረ ነው።

ከእንግጫ የሚጎነጎነው መስቀል ደግሞ የቅድስት ብሪጅት መስቀል ነው። የካቲት 1 ቀን ለሚከበረው በዓሏ በዋዜማው ተሠርቶ፣ ቤቱን ከእሳት እንዲጠብቅ ከበር በላይ ይሰቀላል። ገንዘብ የማያስወጣ፣ ልጆችን ሰብስቦ በአንድ ምሽት የሚሠራ ነገር ነው። ከ2023 ጀምሮ አየርላንድ የብሪጅትን ቀን የሕዝብ በዓል አድርጋዋለች፤ በሴት ስም የተሰየመ የሕዝብ በዓል በአገሪቱ ይህ የመጀመሪያው ነው። አሜሪካ ላይ የቤት ሠራተኛ መሳለቂያ የነበረው ስም በአገሩ እንዲህ ተከበረ።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። በ1990 የአየርላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆና የተመረጠችው ሜሪ ሮቢንሰን በቤተ መንግሥቱ በአንድ መስኮት ላይ የማይጠፋ መብራት እንዲቀመጥ አደረገች። መብራቱ በስደት ላሉት ሁሉ «አልረሳናችሁም» የሚል መልእክት አለው። የአኒ ሙርን ሐውልት በ1993 የመረቀችውም እርሷ ናት።

የሚሸጠውን መለየት

ውድ እናቶችና እህቶች፣ ብዙዎቻችን ወደ ኮቭ ላንሄድ እንችላለን። ከኮቭ ሱቅ የምንማረው ግን በማንኛውም የዕደ ጥበብ ሱቅ ይሠራል። ወደ አየርላንድ የሚሄድ ዘመድ ያላችሁም ብትሆኑ የሚከተሉትን ንገሩት።

በመጀመሪያ ምልክቱን ማንበብ ነው። «በእጅ የተሠራ ሹራብ» እና «በእጅ በሚንቀሳቀስ መኪና የተሠራ ሹራብ» አንድ አይደሉም። አንደኛው በሁለት መርፌ ለሳምንታት የተደከመበት ነው፤ ሁለተኛው በሰዓታት ያልቃል። «በአየርላንድ የተነደፈ» ማለትም «በአየርላንድ የተሠራ» ማለት አይደለም። የመኪና ሥራ መግዛት ነውር የለበትም፤ ነውሩ የመኪናውን ሥራ በእጅ ሥራ ዋጋ መሸጥ ነው።

ሁለተኛው ማን እንደሠራው መጠየቅ ነው። ጥሩ ሻጭ የባለእጇን ስም ወይም መንደር ይናገራል። ታሪክ ብቻ አውርቶ ሠሪዋን የማያውቅ ከሆነ የሚሸጠው ተረቱን ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ሰዓቱን ማስላት ነው። አንድ የእጅ ሥራ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ከእኛ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። አንድ የሶፋ ዳንቴል ስንት ሌሊት እንዳሳደረን እናውቃለን። ዋጋውን በቀኑ ብናካፍለው ለሠሪዋ የዕለት እንጀራዋን የማይሸፍን ከሆነ፣ ርካሽ አገኘን ብለን ልንደሰት አይገባንም። በእኛም አገር ሸማ ሲደነቅ የሚወደሰው ሸማኔው ነው፤ ጥጡን ፈልጣ፣ ነድፋ፣ ፈትላ ያቀረበችውን ሴት ስንቶቻችን እናስባታለን?

በመርከብ ስለሄዱት ደግሞ የሚባል አለ። ዛሬ ከየቤታችን ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳና ወደ ዱባይ የሄዱ ልጆች አሉን። ከእነርሱ የሚመጣው ገንዘብ እንደ አየርላንዱ ደብዳቤ የቤት ኪራይ ይከፍላል፣ ታናሽ ያስተምራል፣ አንዳንዴም ሌላዋን እህት ለመላክ ይውላል። ገንዘቡ ሲደርስ «ስንት ላከች?» ከማለታችን በፊት «በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለች? ደመወዟን በእጇ ትቀበላለች? የዕረፍት ቀን አላት?» ብለን እንጠይቅ። የዶነጋል ሴቶች ከባለሱቁ የተቀበሉት ሻይ ደመወዝ እንዳልነበረ ሁሉ፣ ተይዞ የቀረ ደመወዝም ደመወዝ አይደለም። የላከችውንም ቤተሰቡ በደብተር መዝግቦ፣ ከፊሉን በራሷ ስም ቢያስቀምጥላት፣ ስትመለስ ባዶ እጇን ከመቆም ትድናለች። ብዙዎቹ የአየርላንድ ልጆች ለሰው ሁሉ ቲኬት ገዝተው ለራሳቸው መመለሻ ሳይገዙ ቀርተዋል።

ስጦታ የሚሰጠው ለማስታወስ ነው። የእጅ ሥራ ለልጆቻችሁ ስትሰጡ፣ ከዋጋው ይልቅ የሠራችውን ሴት ስም፣ የፈጀባትን ቀንና ያስተማረቻትን እናት አብራችሁ ንገሯቸው። ስሟን የሚያውቅ ልጅ ሲያድግ ዋጋዋን አይከራከራትም።